ከቲኬቱ ጀርባ የተጻፈ ስሌት

ባለፈው ጥቅምት፣ የሃሎዊን ሰሞን፣ ነርሶቹ የሚቀመጡበት ባንኮኒ ላይ አንድ ሳህን ሙሉ ከረሜላ ተቀምጦ ነበር። የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። አንዷን ቢጫ አንስቼ መጠቅለያዋን ስፈታ ሽታዋ ቀድሟት ወጣ። የሙዝ ከረሜላ ነው፤ እውነተኛ ሙዝ ግን እንዲያ አይሸትም። የአርባ ምንጩም፣ እዚህ ከሱፐርማርኬት የምንገዛውም፣ ያን ስል ያለ፣ እየጣፈጠ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ የለውም። ሽታውን የማውቀው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላብራቶሪ።

ስሙ አይሶፔንታይል አሲቴት ይባላል። አሜሪካ ኮሌጅ ገብቶ ኦርጋኒክ የወሰደ ተማሪ ብዙው በእጁ ሠርቶታል። አንድ ዓይነት አልኮልና ኮምጣጤን ኮምጣጤ የሚያሰኘው አሲድ ክብ ብልቃጥ ውስጥ ይደባለቃሉ፤ ጥቂት ሰልፈሪክ አሲድ ጠብ ይደረግባቸዋል፤ ከላይ ቀዝቃዛ ውኃ የሚዞርበት የመስታወት ቱቦ ይተከልና ለአንድ ሰዓት ያህል ይፈላሉ። መጀመሪያ ክፍሉን የሚሞላው ኮምጣጤው ነው፤ አልኮሉም ራስ የሚያዞር ክፉ ሽታ አለው። ቀስ በቀስ ሁለቱም ይለቁና ክፍሉ ሙዝ ሙዝ ይላል። መምህራችን በብልቃጦቹ መካከል እየተዘዋወረ ያለንን አልረሳውም። ንብ ስትናደፍ ይህንኑ ቅመም ትለቃለች፤ ሌሎቹ ንቦች ጠላት መምጣቱን የሚያውቁት በሱ ነው፤ ስለዚህ ንብ አናቢ ሙዝ በልቶ ቀፎ ባይጠጋ ይሻለዋል። አያቴ ጎጃም ውስጥ ቀፎ ነበራቸው። በነጭ ካፖርት፣ በመከላከያ መነጽር ቆሜ ያሰብኩት እሳቸውን ነበር፤ ይህን ብነግራቸው ምን ይሉ ይሆን እያልኩ።

ያ ላብራቶሪ ለእኔ እንደ ልቤ የተነፈስኩበት ቦታ ነው። ከሱ በፊት ያለው የኮሌጅ ዘመኔ የሚሸተው የመኪና ጭስ ነው።

ዳውንታውን ዋሽንግተን፣ ኬ ስትሪት አካባቢ፣ ከአንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር ወደ ታች የሚወርድ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነበርኩ። በዚያን ጊዜ የከተማው ፓርኪንግ በሐበሻ የተሞላ ነበር፤ ከውጭ መኪና ይዞ የሚገባውም ሐበሻ ከሆነ መስኮቱ ላይ ሰላምታው ሳያልቅ ከኋላ ክላክስ ይጮኻል። የምሠራባት ቤት አንድ ሰው ከነወንበሩ ብቻ የምትይዝ የመስታወት ሳጥን ነበረች። እግሬ ሥር ትንሽ ማሞቂያ፣ በግራዬ የገንዘብ መሳቢያ፣ ጉልበቴ ላይ የኬሚስትሪ መጽሐፍ። ቢሮዎቹ ሲለቁ መኪናው ተሰልፎ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል፤ ጭሱ እዚያው ይከማቻል። ቤት ገብቼ ፀጉሬን ስፈታ ትራሴ ላይ የሚቀረው እሱ ነው። ጠዋት ክላስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ወንበሯን ፈቀቅ ስታደርግ በእሱ ይመስለኝ ነበር።

ከሥራ የምወጣው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ነው። ከዚያ 70 ቁጥር አውቶቡስ ጆርጂያ አቬኑን ይዞ ሽቅብ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ይወስደኛል። ቁጥሩ በቅርቡ ተቀይሯል፣ መንገዱ ግን ያው ነው። መሀል ላይ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲን ያልፋል። የሐዋርድ ሜዲካል ስኩል የተከፈተው በ1868 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እዚያ ነው። ከኢትዮጵያ ለትምህርት ተልከው፣ ኦሃዮ ውስጥ ኮሌጅ ጨርሰው፣ ሐዋርድ ገብተው ሐኪም ሆኑ፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ አገራቸውን አገለገሉ፤ ተመልሰው መጥተው በ1937 ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን አቋቋሙ፤ በ1940 ገና በጎልማሳነታቸው ዐረፉ። አውቶቡሱ መብራት ላይ ሲቆም ግንባሬን መስኮቱ ላይ አስደግፌ ሕንፃዎቹን አያለሁ። እሳቸው የሄዱበት መንገድ በ70 ቁጥር የሚደረስበት መንገድ መስሎ የሚታየኝ ሌሊት ነበር። መጽሐፉ ከጉልበቴ ወድቆ የሾፌሩ ድምፅ የሚቀሰቅሰኝ ሌሊት ግን ይበልጥ ነበር። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ኬሚስትሪ አለኝ።

የመጀመሪያ ዓመት ውጤቴ ዛሬም ትራንስክሪፕቴ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ጄነራል ኬሚስትሪ ዲ፣ ባዮሎጂ ሲ፣ ፕሪካልኩለስ ሲ፣ እንግሊዝኛ ቢ፣ በመሀል የተውኩት ፊዚክስ ደብሊው።

አዲስ አበባ ሳለሁ ከክፍል አንደኛ ነበር የምወጣው። ደብተሬን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ እወጣው ነበር፤ እናቴ ደብተሩን ይዛ ትከታተለኛለች፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እለዋለሁ። እዚህ ፈተናው የተጻፈውን አልጠየቀኝም። ሁለት ነገሮች ሲቀላቀሉ ምን እንደሚሆን መጽሐፉ ላይ አለ፤ ፈተናው ደግሞ ሙቀቱ ቢጨምርስ ወዴት ያደላል፣ ለምን ይላል። ለምን የሚለውን ለመመለስ ሰው ረጋ ብሎ፣ ነገሩን አገላብጦ፣ ተሳስቶ፣ እንደገና መሞከር አለበት። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። መኪና በመጣ ቁጥር መስመሩ ከሚጠፋበት ሰው ይህ አይገኝም።

እንዲህ ያለ ትራንስክሪፕት ያዩ ሰዎች ቶሎ የሚደርሱበት ማብራሪያ አለ፤ ልጅ ነበረች፣ አልበሰለችም፣ በኋላ ነቃች ይላሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። ዲ ያመጣችው ልጅ በኋላ ኤ ካመጣችው ልጅ አላነሰችም። እንዲያውም የበለጠ የደከመችው እሷ ናት፤ በሳምንት አርባ አራት ሰዓት ሠርታ፣ ሙሉ ክላስ ይዛ፣ በየወሩ መጀመሪያ አዲስ አበባ ለእናቷና ለሁለት ታናናሾቿ የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ትልክ ነበር። በእሷ ላይ ሰው ሲፈርድባት እቆጣለሁ። ዛሬ እኔን ዶክተር ብለው ሲጠሩኝ ማዕረጉ ለእሷም የሚደርሳት ይመስለኛል።

የፓርኪንግ ቲኬት ጀርባው ነጭ ነው፤ መኪና ሲጠፋ ሒሳብ የምሠራው እዚያ ላይ ነበር። አንዷ ዛሬም አለችኝ። ወረቀቷ በሙቀት የሚታተም ዓይነት ስለሆነ ፊቷ ላይ የነበረው ሰዓትና ዋጋ ደብዝዞ ጠፍቷል፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ የጻፍኩት ጀርባዋ ግን ፍንትው ብሎ ይነበባል። የክሬዲቱ ብዛት በውጤቱ ይባዛል፤ ድምሩ ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል። ትንሽ አሻሽዬ ሁለት ዓመቱን ብጨርስ 60 ክሬዲት በ2.4፣ 144 ነጥብ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሬ የቀረውን 60 ክሬዲት በ3.9 ብወጣው 234። ድምር 378። ለ120 ሲካፈል 3.15። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን በስቶታል።

ሁለት ዓመት ሙሉ እንከን የለሽ ሆኜ የምደርሰው 3.15 ላይ ነው። ሜዲካል ስኩል የሚገቡት ተማሪዎች አማካይ ደግሞ 3.7 አካባቢ ነበር፤ ዛሬ ከዚያም ከፍ ብሏል። ከሚያመለክተው ከግማሽ በላዩ ሳይገባ ይቀራል። ዲውን ደግሜ ወስጄ ኤ ባመጣስ? የቲኬቷ ግርጌ ላይ ይህም አለ። የተማርኩበት ኮሌጅ አዲሱን ብቻ ይቆጥርልኛል። የኤም ዲ ትምህርት ቤቶችን ማመልከቻ የሚያሰባስበው ማዕከል ግን የተማርኩባቸውን ኮሌጆች ሁሉ ትራንስክሪፕት ጠይቆ የራሱን ሒሳብ ይሠራል፤ ድሮውንም አዲሱንም ይደምራል። ዲና ኤ ለሁለት ሲካፈሉ 2.5። የኮሌጅ ሒሳብ ሲጀመር በአንዲት ክላስ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ክሬዲቱ ከተከመረ በኋላ ግን አንድ ኤ የሚያንቀሳቅሰው ከነጥብ በኋላ ያለችውን ሁለተኛዋን ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ክፋቱ ይኸው ነው፤ ተማሪው አገሩንም፣ ቋንቋውንም፣ ራሱንም ሳያውቅ የተሠራው ሥራ እስከ መጨረሻው አብሮት ይሄዳል።

አማካሪ ዘንድ ቀጠሮ ያዝኩ። ሴትየዋ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችና በእርሳሷ ጫፍ ዲውን ነካችው። በዚህ ውጤት ሕክምና ከባድ ነው፣ ሌላ የጤና ሙያ አስበሽ ታውቂያለሽ ወይ አለችኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም። በእጄ ብሮሹሮች ሰጥታኝ እስከ በሩ ሸኘችኝ። የቁጥሩ ነገርም እውነቷን ነው። ስንት ሰዓት እንደምሠራ ግን አልጠየቀችኝም፤ መቼ እንደምተኛም አልጠየቀችኝም። የሐበሻው ምክርም ያው ነበር። ነርሲንግ ግቢ፣ ቶሎ ያልቃል፣ ደመወዙ ጥሩ ነው። ከነርሶች ጋር የምውል ሰው ነኝ፤ ሥራቸውን ከኔ ሥራ አሳንሼ ያየሁበት ቀን የለም። ይሁን እንጂ ያ ምክር ይሰጥ የነበረው ነርስነት ስለሚስማማኝ አልነበረም፤ ሌላው አይሆንላትም ተብሎ ነው።

መጠየቅ የነበረበትን የጠየቀችኝ እታለም ናት፣ የአባቴ ታናሽ እህት። ከአሜሪካ ኤርፖርት ተቀብላ ያስገባችኝ እሷ፣ የምኖረውም እሷ ቤት ነው። ቀን ቀን ኤርፖርት ዊልቸር ትገፋለች፤ ማታ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች። አንድ ሌሊት ለመጋገር ስትነሳ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጉንጬን መጽሐፉ ላይ ጥዬ ተኝቼ አገኘችኝ። አልቀሰቀሰችኝም፤ ምጣዱን ስታሟሽ የጎመን ዘሩ ጭስ ነው ያነቃኝ።

«በሳምንት ስንት ሰዓት ነው የምትሠሪው?» አለችኝ፣ ፊቷን ሳትመልስ።

«አርባ አራት።»

«የምትተኚውስ?»

ቆጥሬው አላውቅም ነበር። እሷ በጣቶቿ ቆጠረችው። ከሰኞ ጀምራ እስከ እሁድ፣ ሊጥ በነካው ጣቷ። ስትጨርስ ጆጉን አነሳችና ሌላ እንጀራ አሰፋች። ክዳኑን ስትጭን፣

«ለአዲሳባው ከእንግዲህ እኔ እልካለሁ» አለች።

«ከየት አምጥተሽ?»

«ምጣድ እጨምራለሁ። አንቺ ያንን ጉድጓድ ተይው። ቅዳሜና እሁድ የምትሠሪውን ለራስሽ ያዢው፣ ለአውቶቡስሽ፣ ለመጽሐፍሽ።»

ተከራከርኳት። እናቴ ትሰማለች፣ ሰው ምን ይላል፣ አንቺስ መቼ ልትተኚ አልኳት። ክዳኑን ከፍታ እንጀራውን በሰፌድ እያወጣች፣ «እኔ ተምሬ አልጨርስም፤ አንቺ ትጨርሻለሽ» አለችና ነገሩ በዚያ ተዘጋ። ለእናቴ የነገረቻትም እሷ ናት፤ ምን እንዳለቻት እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

ሁለተኛው ምጣድ ሲመጣ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰኩ መብራቱ ይጠፋል፤ አንዱን ሳሎን፣ አንዱን ወጥ ቤት ማድረግ ነበረብን። የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህ ክረምት ከበጋ መስኮት ይከፈታል። የማጠናባቸው ትንንሽ ካርዶች ሁሉ ዳራቸው ላይ የደረቀ ሊጥ አለባቸው። መጀመሪያ ጄነራል ኬሚስትሪን እንደገና ተመዘገብኩ። ጠዋት እንቅልፍ ጠግቦ የተነሳ ሰው ሰሌዳ ላይ የሚጻፈውን ሲያይ እንዴት እንደሚገባው ያወቅኩት በዚያ ሴሚስተር ነው። ጥያቄ መጠየቅ ጀመርኩ። ከክላስ በኋላ መምህሩ ቢሮ እሄዳለሁ፤ ድሮ ያ ሰዓት የአውቶቡስ ሰዓቴ ነበር። መጽሐፉ ያው፣ ቋንቋዬ ያው፣ ጭንቅላቴም ያው ነበር። ውጤቱ ኤ ሆነ።

ኦርጋኒክ ሲመጣ ለእታለም ማስረዳት ያዝኩ። እሷ ትጋግራለች፣ እኔ ከጎኗ ቆሜ በአማርኛ እተነትናለሁ። ይህኛው ኤሌክትሮን ተርፎታል፤ ያኛው ጎድሎታል፤ ቀስቱ ሁልጊዜ ከተረፈው ተነስቶ ወደ ጎደለው ይሄዳል። በእንግሊዝኛ የሸመደድኩት ነገር በአማርኛ ልናገረው ስል የት ላይ እንደሚላላ ወዲያው ይታወቀኛል፤ የማይገባኝን ነገር ለእታለም ማስረዳት አይቻልም። እጇን አንስታ ታስቆመኛለች።

«ቆይ፣ ቀስቱ ለምን ተመለሰ?»

ለምን እንደተመለሰ ካላወቅኩ ወደ መጽሐፉ እመለሳለሁ። መምህሩ ክላስ ውስጥ ይህንኑ ጥያቄ ሲጠይቅ እጄን የማነሳው እሷ ቀድማ ስለጠየቀችኝ ነበር። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቋረጠች ሴት ኦርጋኒክ አስጠንታኛለች ስል ሰው ማጋነን ይመስለዋል።

ያን የሙዝ ሽታ ቤት ይዤ ገባሁ፤ ካፖርቴ ላይ ቀርቶ ነበር። እታለም አሽታ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች፤ ከኮምጣጤ የተሠራ መሆኑን ስነግራት ካፖርቱን እንደገና አሸተተችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት ብዙ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ወንበር ላይ መቀመጥ ብቻ ስለሆነ የሚወራለት አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ተዛወርኩ፤ ቅዳሜና እሁድ ሲ ኤን ኤ (የነርስ ረዳት) ሆኜ አረጋውያን መንከባከቢያ ሠራሁ፤ ተመረቅሁ፤ ከተመረቅሁም በኋላ የሳይንስ ክላስ እየጨመርኩ ወሰድኩ። ያቺ 3.15 በየሴሚስተሩ ትንሽ ትንሽ ስትገፋ አየኋት።

ኤምካት የሚባለው መግቢያ ፈተና በ2015 ተለውጦ አዲሱ ሲመጣ ከተፈተኑት አንዷ ነኝ። የድሮው ከ45 ይታሰብ ነበር፤ አዲሱ ከ472 እስከ 528 ነው፤ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ ተጨመሩበት፤ ከእረፍቱ ጋር ሰባት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። እኔን ያስጨነቀኝ የሳይንሱ ሳይሆን የንባቡ ክፍል ነበር። ስለ ሥዕል፣ ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ጥንት ሕግ የተጻፈ ነገር ይሰጥና ጸሐፊው ያላለውን ግን ያሰበውን አውጪ ይላል። 53 ጥያቄ በ90 ደቂቃ። በሁለተኛ ቋንቋው የሚፈተን ሰው ሰዓቱ በግማሽ እንዳነሰበት ይሰማዋል። ያዳነኝ ከእያንዳንዱ አንቀጽ በኋላ ቆሜ በአማርኛ «ሰውየው ምን እያለኝ ነው?» ማለቴ ነው። ጊዜ የሚበላ ይመስላል፤ የሚቆጥበው ግን ይበልጣል። ለሚጠይቁኝ ልጆች ዛሬም የምሰጠው ምክር ይኸው ነው፤ ለማዘጋጃ የሚከፍሉት ለሌላቸው ደግሞ ካን አካዳሚ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ያሉትን ነፃ ትምህርቶችና ፈተናውን የሚያዘጋጀው ማኅበር ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጠውን የክፍያ ቅናሽ አሳያቸዋለሁ። ብዙ ሐበሻ ቅናሹ መኖሩን ሳያውቅ ሙሉውን ይከፍላል።

የገባሁት ዲ ኦ ዲግሪ ከሚሰጡት ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ገና በደንብ ስለማይታወቅ ልናገረው። ኦስቲዮፓቲ የሚባለውን መንገድ የጀመረው አንድሩ ቴይለር ስቲል የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት የከፈተው በ1892 ሚዙሪ ውስጥ፣ ከርክስቪል በምትባል ከተማ ነው። ዛሬ ዲ ኦ እና ኤም ዲ እኩል ፈቃድ አላቸው፤ ቀዶ ጥገናም ይሠራሉ፣ መድኃኒትም ያዛሉ፤ ከ2020 ጀምሮ የስፔሻሊቲ ሥልጠናቸውም በአንድ ሥርዓት ሥር ሆኗል። የእነሱ ማመልከቻ ማዕከል ድሮ አንድ ቸር ደንብ ነበረው፤ አንድን ክላስ ደግሞ ለወሰደ ሰው የኋለኛውን ውጤት ብቻ ይቆጥርለት ነበር። የእኔ ዲ እዚያ ሒሳብ ውስጥ አልገባችም። ደንቡ በ2017 ተሻረ። እኔ ያመለከትኩት ሳይሻር ነው። ዛሬ እንደኔ የወደቀ ተማሪ ያ በር የለውም፤ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው ብዬ አምናለሁ። ደንቡ ቁጥር ማሳመሪያ ብቻ አልነበረም፤ አቅሙ ኖሯቸው ጊዜ ያጡ ልጆችን ያሳልፍ ነበር።

የደስታውን ቀን አላስረዝመውም። እታለም መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ሐኪም ነው አይደል?» ብላ ነው። «ሐኪም ነው» አልኳት። ዊልቸር ልትገፋ የምትወጣበት ሰዓት ደርሶ ስለነበር ቀሪውን በስልክ አወራነው።

ቃለ መጠይቁ ላይ ያጋጠሙኝን አንድ ሽማግሌ ሐኪም ግን ላንሳ። ትራንስክሪፕቴን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው መጀመሪያውን ገጽና መጨረሻውን ገጽ ጎን ለጎን አደረጉት። በሁለቱ መካከል ምን ሆነ አሉኝ። ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ፤ ስለ ጽናት፣ ስለ ዓላማ። እሱን ትቼ ስለ ምጣዱ ነገርኳቸው። እንጀራ ምን እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ። ስንት ሰዓት እንደሠራሁ፣ ማን እንደወሰደልኝ፣ በዚያ ሰዓት ምን እንዳደረግኩበት አንድ በአንድ ተናገርኩ። ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ስለ ውጤቴ የጠየቁኝ ነገር የለም፤ የቀረውን ሰዓት ያወራነው መንከባከቢያው ውስጥ ስለማገላብጣቸው አረጋውያን ነበር።

ባለፈው በጋ በኬ ስትሪት ሳልፍ ወደዚያ ፓርኪንግ በእግሬ ወረድኩ። ጭሱ አለ። የመስታወቷ ቤትም አለች፤ ሰው ግን የለባትም፤ ክፍያው ሁሉ በካርድ፣ በማሽን ሆኗል። በዚያ ሥራ ስንት ሐበሻ ልጅ አሳድጎ ቤት ገዛበት! እኔን ግን ያሳዘነችኝ እዚያ መስታወት ውስጥ ለማንበብ ትታገል የነበረችው ልጅ እንጂ የሥራው መቅረት አይደለም። ዛሬ የኛ ልጆች ያሉት ሌላ ቦታ ነው፤ መጋዘን ውስጥ፣ ምግብ በማድረስ፣ ነዳጅ ማደያ ሱቅ ውስጥ።

ከነዚህ አንዱ ኅዳር ላይ ከቅዳሴ በኋላ አስቆመኝ። ሁለተኛ ዓመት ነው፣ አማካይ ውጤቱ 2.6፣ ኬሚስትሪ ላይ ዲ አለበት። ስልኩ ላይ ያለውን ትራንስክሪፕት ሊያሳየኝ እጁ ይንቀጠቀጣል። «እትዬ፣ አልቆልኛል?» አለኝ። ስልኩን ሳልቀበል ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ጠየቅኩት። ሌሊቱን ነዳጅ ማደያ ያድራል፣ ከዚያው ወደ ክላስ ይሄዳል። ደሞዙ ለቤት ክፍያ ይገባል። የአባቱን ስልክ እንዲሰጠኝ ለመንኩት፤ ፈራ፤ ሰጠኝ።

አባትየው ታክሲ ነጂ ናቸው፤ የተከበሩ፣ ብዙ ሰው ያስጠጉ ሰው። ደውዬ ሰላምታውን ከጨረስን በኋላ ሒሳቡን ነገርኳቸው፤ ክሬዲቱን፣ ዲዋ ቢደግማትም እንደማትጠፋ፣ አሁን ካልተስተካከለ በኋላ የሚያስከፍለውን።

«ዶክተር፣ እኔ ልጄን ሥራ ያስለመድኩት ሰው እንዲሆን ነው» አሉኝ።

«ሥራ የለመደ ልጅ መሆኑን አይቻለሁ፣ ጋሼ። አሁን እንቅልፍ ይስጡት።»

ቤቱ በሁለት ደሞዝ የተገዛ መሆኑን ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም የእታለምን ሁለተኛ ምጣድ ነገርኳቸው። ብዙ ተነጋገርን፤ ስለ ወለድም፣ ስለ ታናሽ እህቱም። በመጨረሻ አንድ ሴሚስተር ቅዳሜ ብቻ ይሥራ አሉ። አንድ አይበቃም፣ አንዱ ደክሞት የሚተኛበት ነው፣ ሁለት ያድርጉለት አልኳቸው። ከባለቤታቸው ጋር ሊመክሩ ዘጉ፤ በማግስቱ ራሳቸው ደወሉ። ሁለት ሴሚስተር። ልጁ ጥር ላይ ኬሚስትሪውን ይደግማል።